ጨርቁን ማን ወተፈው?

እትዬ አንጓች፣ መጣሁ፤ ዓመቱ ደረሰ፣
የሽምብጡ ኮብልስቶን ባጃጁን እያመሰ።
በቦርሳዬ ያለው ያምናው ነው ዘንድሮም፣
መፍቻ፣ መሮ፣ መዶሻ፤ የጨመርኩት የለም።
ሳሙናና ውሃ በጣሳ ይስጡኛ፤
ክብሪቱን ግን ያርቁት፣ እሱ አይሁን ዳኛ።
ጎረቤትዎ ነው አሉ፣ ባለፈው ሰኔ ማታ
ሽታውን በክብሪት ሊፈልግ ቅንድቡን ያስመታ።

እኔ እንዲህ ነው የምፈልግ፤ ቡሩሹን ነክሬ
ሬጉሌተሩን፣ ጎማውን፣ ማሰሪያውን ዞሬ
እቀባለሁ።
እጠብቃለሁ።
ካላነፈሰ ዝም ይላል፤ ካነፈሰ ያብጣል፣
እንደ ሕፃን ምራቅ አረፋው ይፈላል።
ይኸው፣ አንዲት አረፋ፣ ከጎማው አንገት ሥር፣
የጤፍ ፍሬ አክላ ብቅ አለች እንደ ዓይነ አፋር።
ሩብ ዙር አጠበቅኩት፤ ደግሜ ቀባሁት፤
ዝም አለ።

ግን እትዬ አንጓች፣
ዝም ያለ ሁሉ ደኅና አይደለም።
ጋዝስ ቢያመልጥ ይሸታል፤ ሽታውን ሰው ነው የጨመረበት፣
የራሱ ገመና እንዲያሳብቅበት።
እኔን የሚያስፈራኝ በወጉ ነዶ ያላለቀው ነው፣
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ፤
እንቅልፍ መስሎ ገብቶ አጠገብ የሚጋደም፣
አብሮት ለተኛ ሰው ንጋት የሚባል የለም።

የማሞቂያውን ክዳን ከፈትኩ፤ እሳቱ ቢጫ ሆኗል፣
ምላሱ ረዝሞ፣ ጥቀርሻ ጀምሮ፣ ይወላገዳል።
ጣና ይደፈርሳል፣ ክረምት ነው፣ አፈር ነው፣ ልማዱ፤
እሳት ከደፈረሰ ግን አየር አጥቷል ሆዱ።
አጠፋሁት።
ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

እዚያ፣ አምና በመሮ የፈለፈልኳት፣
ሁለት መዳፍ የማታክል፣ የሐይቁ ነፋስ መግቢያ፣
ጨርቅ።
የተጠቀለለ፣ አበባ ያለበት፤ የትራስ ልብስ ይመስለኛል።
ማን ወተፈው?

«ትንኙ ነዋ፣ ልጄ! እምቦጩ ላይ ተራብቶ
ሌሊቱን አያስተኛን፣ ጆሯችን ሥር መጥቶ።»

እውነትዎን ነው። ትንኝ ጠላት ነው፤ ግን ይጮኻል።
እሱን ዝም ላሰኝ ብለው
ዝም ያለውን አስገቡት።

ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ሽባባው፣ እጁ እንደ ሚዛን የሆነ፣
አንድ ጊዜ፣ ቀበሌ አሥራ ሦስት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ገጠመ።
ባለቤቱ «ግድግዳዬ አይነካ» አለው፤
አልነካም።
ከዚያ ወዲህ ከቦርሳው መጀመሪያ የሚያወጣው
መፍቻ አልነበረም።
መሮ ነበር።
«ቀዳዳው ይቅደም» ይለኝ ነበር፣ «ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ እሳቱ፤
ጭሱ በቧንቧው ይውጣ፣ ነፋሱ በቀዳዳው ይግባ፤
ሁለቱ በአንድ በር አይተላለፉም።»
ስለ ተከራይዋ ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሳም፤
የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።
ፀጉሯ ገና እርጥብ ነበር አሉ።

አይቆጡ እትዬ አንጓች፣ ድምፄ ከፍ ካለ።
ይኸው ወንፊት ሽቦ፣ ከገበያ የገዛሁት፣
ለዓሣ ማድረቂያ ነው ያለኝ ሻጩ፤ ለዚህም ይሆናል።
በአራት ሚስማር መታሁት፤
ትንኙ ከውጭ ይቅር፣ ነፋሱ ይለፍ።
አሁን ይለኩሱት፣ እርስዎ ራስዎ፣ አዎ፣ ክብሪቱን አሁን ያምጡት፤
አዩት? አጠረ። ቀጥ አለ። ሰማያዊ።
ለማለዳ ታንኳ ቀዛፊ እንደሚታየው የሐይቅ ጠርዝ፣
ገና ፀሐይ ሳትነካው።

ጨርቁን አጥበው ለትራሱ ይመልሱለት፤
ማስተኛት የእሱ ሥራ ነው፣
ልጆቹ በጊዜው፣ በጊዜው ደግሞ የሚነቁበት።

ሒሳቡ፦ አንድ የጎማ ማሰሪያ፣ ወንፊቱ፣ የእጄ።
የሐይቁ ነፋስ ውስጡ የለበትም።
ሽታ ከሸተትዎት መብራት እንኳ አይንኩ፤ መስኮት ከፍተው ይውጡ፣
ከመንገድ ሆነው ይደውሉልኝ።
ካልሆነ ለኅዳር ነው።
ስመጣ መጀመሪያ የማየው
ግድግዳውን ነው።