እሳቱ ሰ

ለእኛ ሁለት አለን፣ ባንድ ድምፅ የሚያድሩ፣
ንጉሡና እሳቱ፣ ገበታ ላይ የኖሩ።
ልጄ ግን ድሃ ነው፣ አንዱም አልደረሰው፤
ንጉሡ «ንጉቱ»፣ እሳቱ «እታቱ» ነው።

ጣና ዳር ወስጄው፣ ጀልባ ዓሣ ሲያራግፍ፣
«ዓታ! ዓታ!» ይላል በደስታ ሲከንፍ።
ነጋዴው ይስቃል ቢላዋውን ይዞ፣
እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን ተክዞ።

ስሙ እሱባለው ነው። ሁለት ጽንስ ወርዶባት፣
«እሱ ባለው» አለች እናቱ ሲቀናት።
አንደኛ ክፍል ገብቶ «ስምህ ማን ነው?» ቢሉት፣
«እቱባለው» አለ፤ እህት አደረጉት።
ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን የጠየቀው
ሰው ሁሉ የሚያገኘው ትከሻውን ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል» አሉኝ፣ «ደግሞ ሲያምርበት!»
የምላሱን ሥር ቁረጡለት ያሉም አሉበት።
እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። የማውቀው ጎማ ነው፣
የቱ አየር እንደሚያፈስ፣ የቱ እንደሚይዘው።

አንድ ቀን መናኸሪያ በር ላይ
አንዱ ተራዬን ቀማኝ።
ወረድኩ። ኮሌታውን ያዝኩ። ክንዴን አነሣሁ፣
ደሜ ፈልቶ ልጄ ከኋላ መኖሩን ረሳሁ።
«አባ!» አለ ጮኾ፣ «አባ! ተው ነው! ተው!»
ሰው ነው ማለቱ ነው? ወይስ ተው ነው ያለው?
እስካሁን አላውቅም። ክንዴ አየር ላይ ቀረ፣
ሰውየው ሸሚዙን አቃንቶ፣ ባጃጁን አስነሥቶ በረረ።

በማግሥቱ ነው ሐኪም ፍለጋ የወጣሁት።

ውዳላት ትባላለች የንግግር ሐኪሟ፤
መርፌ የለ፣ ሽሮፕ የለ፣ ባዶ ነው ጠረጴዛዋ፣
አንዲት የእጅ መስታወት፣ አንድ የፔሊካን ላባ፣
ሐይቁ ጥሎት ያገኘችው፣ ማለዳ ስትገባ።

«ምላስ» አለችው «እንደ ድመት ናት፣
በር ተከፍቶ ካየች ውጪ ውጪ የሚላት።
ጥርስህ በሩ ነው፤ ግጠመው። እሷ ውስጥ ትተኛ።
ንፋሱን ብቻ ላከው፤ ላባው ይብረር ወደ እኛ።»

ማክሰኞና ዓርብ፣ ተራዬን ለቅቄ፣
በር ላይ ቆሜ ሰማሁ፣ ትንፋሼን አምቄ፦
«ትትት።» ላባው ዝም።
«ትትት።» መስታወቱ በምራቅ ተዥጎረጎረ።
አንድ ቀን ተናዶ ላባውን ነከሰው፤ ውዳላት ሳቀች፣
ከመሳቢያዋ ሌላ አወጣች።
ሚያዝያ ሄደ፣ ሰኔም ገባ፣
ወይ ፍንክች አላለም ያ ላባ።

ሐምሌ ላይ፣ ፔዳ አጠገብ፣ ጎማዬን ሚስማር ወጋው።
በዝናብ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ስስስስስ
እሱባለው ጎኔ መጥቶ ቁጢጥ አለ።
ጎማውን አየ። ጥርሱን ገጠመ።
ቀዳዳውን አገኘሁት፤ በአውራ ጣቴ ደፈንኩት።
ጎማው ዝም አለ።
ድምፁ ግን አልቆመም።
ስስስስስ

ጎማውን ትቼው፣ እጄ ላይ ጭቃ እንዳለ፣
«ድገመው» አልኩት።
ደገመው።

ዛሬ ዓሣው ዓሣ ነው። እሳቱም ይፋጃል።
ሳይጠይቁት ስሙን ለተሳፋሪ ይነግራል፤
«እስስስሱባለው» ይላል፣
መውረጃቸው እስኪያልፋቸው ድረስ።
ሰውም ሰው ብቻ ሆነ፣ ተውም ተው፤
እንደ ማንኛውም አፍ፣ ለየብቻ ናቸው።

እኔ ግን አንዳንዴ፣ መናኸሪያ በር ላይ፣
ተራዬን ሲቀሙኝ፣ ቡጢዬ ሲሞላ፣
ማንም በሌለበት ከወንበሬ ኋላ፣
ምላሴን ከጥርሴ መሃል አወጣና
ለራሴ እላለሁ፦
«ተው ነው።»