አራት መቶ አሥራ ሁለት

ፎቶው በስልክ መጣ፣ ከአሰላ፣ በማታ፤
ብርቱካን ቀለሙ ለቋል ቦታ ቦታ።
ትንሽ ነው ትራክተሩ፣ ከበሬ አይረዝም፤
መቀመጫው ሥር ግን፣ ዝገት ባለበት፣
የሻጩ አውራ ጣት ተጋድማለች። እሷን ሳላይ አላልፍም።

ደወልኩ። ሐሰኖ ይባላል፤ ድምፁ ቅቤ ጠጥቷል።
«ሰዓቱን አየሽው? አራት መቶ አሥራ ሁለት! ገና ምኑን ሠርቷል!
ከጃፓን የመጣ፣ የሩዝ ማሳ ልጅ ነው፤
እስቲ ለባለቤትሽ ስጪውና ዋጋውን እንጨርሰው።»
«ባለቤቴ» አልኩት፣ «ጊዮርጊስ ነው ቤቱ፤
አፈር ከለበሰ ስምንተኛ ዓመቱ።
እኔን አናግረኝ።»
ዝም አለ። ትንሽ ሳለ።
ከዚያ ሃያ ሺህ ቀነሰ፤
ከሐዘን ይሁን ከሃፍረት፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እነዋሪ ዳር አራት ጥማድ አለኝ፣ መረሬ፣ ጥቁር አፈር፣
በክረምት እግር ከያዘ እንደ አራጣ አበዳሪ የማይለቅ፣ የማያፍር።
ስምንት ዓመት ለላቀው የእኩል ሰጠሁት፤
እሱ አረሰው፣ እኔ አረምኩት፣ አጨድኩት፣ ወቃሁት፣
ስንዴው ሲሰፈርም ቁናው ወደ ማን እንደሚያደላ ቆሜ አየሁት።
ሴት እርፍ ከጨበጠች በረዶ ይወርዳል ይላሉ፤
በረዶው የወንዶቹን ማሳ ሲወቅጥ ግን ዝም ይላሉ።
ስለ መሪ የተባለ የለም፤
አባቶች አላዩትማ፣ ክልክል አላበጁለትም።

የባሕር ዛፌን ለአጣና ነጋዴ ሸጥኩ፣
ሁለት የደለቡ ሰንጋ ጨመርኩ፣ ዕቁቤን ተለማምጬ አስቀደምኩ፤
የእህቴን ልጅ ይልፋሸዋን አስከተልኩ፣
ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ባጃጅ የነዳ፣ «ሞተር ያው ሞተር ነው» ባይ።
ሐሰኖ ምሳ ጋበዘን፤ እምቢ አልኩ፣ መጀመሪያ ብረቱን ልይ።

እጄን ሞተሩ ላይ ባሳርፍ ትኩስ ነው፤
ቀድሞ አስነስቶታል፣ ገዢ ፊት እንዳያሳፍረው።
«ይብረድ» አልኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤
እሱ ጨዋታ አመጣ፣ ለስላሳ አስመጣ፤ እኛ ኮፈኑን አየን።

በሬ ቢሆን ጥርሱን፣ ጫንቃው ላይ የቀንበሩን ጠባሳ አነባለሁ፤
ይሄ ጥርስ የለው። የፍሪሲዮኑን መርገጫ ዳሰስኩ፣
እንደ አሮጌ ሳንቲም ተፍቆ አልቋል።
የማርሹ ራስ በአንድ ሰው መዳፍ ልክ ጎድጉዷል።
አራት መቶ ሰዓት እንዲህ አይበላም፤ ይሄ የሃያ ክረምት እጅ ነው።
መቀመጫው ሥር፣ ያቺ ጣት የነበረችበት፣ ዝገቱን ባብሰው
በምስማር የተጫረ ጽሑፍ፣ እንደ ወፍ እግር፤
ስሙ ይሆን? የሚስቱ ስም? ወይስ ዘይት የቀየረበት ቀን? ማን ይናገር።

«ሰዓቱ ይዋሻል» አልኩት።
«ቆሟል እንጂ አይዋሽም» አለኝ፤ ሳልወድ ሳቅኩለት።
ሠላሳ ሺህ ሌላ ወረደ።

በአይሱዙ ጫንነው። ሞጆን፣ አዲስ አበባን በሌሊት፣ ጫጫን በንፋስ፤
ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያዘው፣ ቢገፉት አይነሣ፣ ቢለምኑት አይተነፍስ።
ክንፈ የሚሉት ኤሌክትሪሺያን ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አገኘ፣ አሰራት፤
ሞተሩ አጉረመረመ፣ የሞተው ሰዓትም አብሮ ነቃ፣ ሳንጠይቅ፣ ሳንከፍልበት።

ግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ማግስት፣ መሪ ጨበጥኩ።
ላቀው ወሰኑ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።
ሦስት ትልም ሄድኩ። በአራተኛው መረሬው ጎማዬን ዋጠው።
ላቀው በሬዎቹን ጠምዶ መጣ፣ ሰንሰለት አሰረ፣ ጎትቶ አወጣኝ።
ምንም አላለም። እኔም።
በረዶው? ነሐሴ ላይ ወረደ፤ በሱም፣ በኔም።

የዚያን ዕለት ማታ ጭቃውን ከመስታወቱ ላይ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤
አራት መቶ አሥራ ሦስት።
እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ሐሰኖና ያ ምስማር የያዘ ሰው ይተሳሰቡት።
ይቺ አንዷ፣ ከነመስጠሟ፣ የኔ ናት።