የማይሻገር

ጥቅምት ነው። እነዋሪ። ሰባተኛ «ለ» ክፍል።
መረሬው ደርቆ እንኳ ከጫማ አይነቀል።
ሰሌዳውን መሀል፣ ለሁለት፣ በመስመር
ከፈልኩት፤ እዚህ ተሻጋሪ፣ እዚያ የማይሻገር።

«ሰበረ» ስላችሁ፣ «ምኑን?» ካላችሁኝ፣
«ገንቦውን» ብላችሁ ከመለሳችሁልኝ፣
ግሱ ተሻጋሪ ነው፤ ከአድራጊው ተነሥቶ
ያርፋል ሌላው ላይ፣ በ«ን» ድልድይ ወጥቶ።
«ነጋ»ን ግን «ምኑን?» ብትሉት መልስ የለውም፤
«መሸ»፣ «ቀረ»፣ «ሞተ» — ከራሳቸው ደጅ አይወጡም።
አስራ ስድስት ዓመት ይህንኑ ስል፣ ማንም
እጁን አላወጣም።

ማታ ፈተና ሳርም፣ መብራቱም ጠፍቶ፣
በስልኬ ጭላንጭል፣ ጥቂት ባትሪ ቀርቶ፣
የደብሪቱ ጉልላት ወረቀት ላይ ስደርስ —
ጥያቄ አራት፦ «ዓረፍተ ነገር ሥሩ በማይሻገር ግስ»።
የጻፈችው ይህን ነው፦

«አባዬ ጀማን አልተሻገረም።
አህያችን ተሻገረች። አባዬ ቀረብን።»

ቀይ እስክሪብቶዬ ተነሣ በልማዱ፦
«ተሻገረ» ተሳቢ አለው፣ ጀማ ነው፤ ወደቀ አንዱ።
«ቀረ» ግን ያስኬዳል። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁ።
ከዚያ «ብን»ን አየሁ።

ይህችን ሁለት ፊደል እኔ አላስተማርኳትም።
ግሱስ ልክ ነው፣ ቀርቷል፤ አልተሻገረም።
መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ገጽ ሰባ ስምንትን፤
«መሸ» ይላል እንጂ አይልም «መሸብን»።
ታዲያ ወዲህ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው፣
ሳይነኩት የወደቀው፣ ይህ ተሳቢ ማነው?

አሉ፣ ጳጉሜን ላይ ነው፣ ለበዓል ገበያ፣
ምስር ጭኖ ወረደ፣ ወደ መርሐቤቴ፣ ወዲያ።
ዘነበ። ደፈረሰ። ጮኸ። መሸ። ጠፋ።
የሰሌዳዬ ቀኝ እንዳለ ቆላ ተደፋ።
ማንም ማንን አልነካ። ለክስ አድራጊ የለ፤
ለካሳም ተደራጊ። «ቀረ»፣ ተባለ።

እናቷ፣ ሰምቻለሁ፣ ያቺን አህያ
አልሸጠቻትም። አትጭናትምም።
በር ላይ ታስራት፣ ገለባ ትሰጣታለች፤
«አንቺስ እንዴት ተሻገርሽ?» እያለች።

ጠዋት ወረቀቱን ስመልስ፣ ደብሪቱ
አራት ቦታ አጠፈችውና፣ «ቲቸር፣ ግማሹ ለየቱ?»
አለችኝ።

ዝም አልኩ።
እሱም አይሻገርም።