ውሻህን ያዝ

በዚያ ሰፊ ሜዳ፣ ዛፍ በሌለው አገር፣
እንግዳ ከፈረስ ወርዶ ሳይናገር፣
"እንደምን ዋላችሁ" ከማለቱ በፊት
"ውሻህን ያዝ!" ይላል፣ ቆሞ ከድንኳን ፊት።

ዱልማም እንዲሁ አለች፣ በመጋቢት ብርድ፣
ሞተሯን አጥፍታ ከበረዶው መንገድ።
የጮኸ ውሻ የለም።
ኖሮቭ ብቻ ወጣ፣ ቆቡን እንኳ ሳይደፋ፤
"ምን ይጠብቅ ብለሽ? በጉ ሁሉ ጠፋ።

ሲጀምር ንፍጥ ነው፤ ዓይን ያለቅሳል፤
ከዚያ አፍ ይቆስላል፤ ከዚያ ሆድ ይፈሳል፤
በሳምንቱ ዝም።
ተወግተው ነበር እኮ፣ በመከር፣ በእጅሽ።"

ዱልማ ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች።
ሦስት መቶ አሥር ነበሩ። የቀረው ጉድጓድ ነው፣
በኖራ የነጣ፣ በረዶ ያልሸፈነው።

በእኔ ቋንቋ ደግሞ የዚህ ደዌ ስሙ
"ደስታ መሰል" ነው። ማን ነበር፣ ምን አይቶ በሕልሙ
የከብቱን መቅሠፍት "ደስታ" ብሎ የጠራ፣
የበጉንም ደዌ በዚያው ስም ያስጠራ?
ምናልባት ፈርቶ ነው፤ ክፉ ሲያቆላምጡት
ያልፋል ብሎ ይሆናል፣ በሩን ሳይከፍቱለት፣ ቤት ሳይሰጡት።
ለኖሮቭ ይህን ስም ማን ይተርጉምለት?
ደስታን የሚመስል ምን ነገር ቀረለት?

ኡላንባታር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከማሞቂያው ቱቦ ሥር፣
ያንኑ እጇን ታየዋለች ጠርሙስ ስትቆጥር።
የሞተ ቫይረስ ጨዋ እንግዳ ነው፤
ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ይወጣል፤ ማንም አላየው።
ደም፣ እንደ ጠገበ ውሻ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ
መልሶ ይተኛል፣ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ሸጉጦ።

ተኩላ ተኩላ የሚሸት አንድ ነገር ያሻል።
ከአፈር ያገኘቻት ተራ ባክቴሪያ አለች፣
በሳህን ላይ እንደ ዝገት የበቀለች፤
በሙቅ ውኃ ገላዋ ተቀቀለ፣
ነፍሷ ወጣ፤ ሽታዋ ግን አለ።
ያን ሽታ ከቫይረሱ ጋር በአንድ መርፌ መክተት፣
ይኸው ነበር ሐሳቡ።

የመጀመሪያው መጠን በዛ።
ሰባት ጠቦት አነከሰ። አንዷ ሲነጋ አልተነሣችም።
ያን ቀን ደብተሯ ላይ ቁጥር አልጻፈችም፤
"ሞተች። እጄ ነው።"
ከዚያ ሁለት ሳምንት ባዶ ገጽ።

በዓመቱ ኖሮቭ ከአማቹ አርባ ጠቦት ተበድሮ
ሲሰማት ቆየና ሳቀ፣ ተማርሮ፦
"ሁለት ሬሳ ደምረሽ አንድ ዘብ ልታወጪ?
በይ እንግዲህ ውጊ፤ ካልሆነልሽ ውጪ።"

"አንዱ ሬሳ የተኩላ ቆዳ ነው፤ ውሻው ይሸተዋል፤
ሲነሣ፣ ሲጮህ፣ ከጎኑ የቆመውን ሌባ ያየዋል።
እንዲያውቅ የምፈልገው ሌባውን ነው፣ ተኩላውን አይደለም።"
ኖሮቭ ደረቅ ኩበት እሳቱ ላይ ጨመረ፤ እሺም እምቢም አላለም።

ለድሮው መርፌ ሃያ ቀይ የጆሮ ምልክት፣
ለአዲሱ ሃያ ሰማያዊ።
በሠላሳኛው ቀን የደሙ ውጤት መጣ፦
ከቀዩ ስድስት ነቃ፤ ከሰማያዊው አሥራ ሰባት።
ሦስቱስ? ሦስቱ እንደተኙ ናቸው።
ለምን እንደሆነ ዱልማ አታውቅም፤ አላውቅም ብላ ጻፈች።

ኖሮቭ ለቁጥሩ ደንታ የለውም።
ሰማያዊ አሥራ አንድን ማታ ማታ ይይዛታል፤
ትከሻዋ ሥር፣ መርፌው በገባበት፣
ሽምብራ የምታህል እብጠት አለች፤ በአውራ ጣቱ ይዳስሳታል።
"ዛሬም አለች" ይላል ለማንም፤
ወይም፣ "ዛሬ አነሰች።"

በሰኔ ተመለሰች። ሣሩ ገና አጭር ነው።
ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ቡችላ ተወርውሮ ወጣ፣
ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ፤
ጮኸ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጮኸ።
"ውሻህን ያዝ!" አለች፣ ሣጥኗን አቅፋ፣ ከመኪናው በር ሳትርቅ።
ኖሮቭ ከውስጥ፣ ሳይወጣ፣ ሳይስቅ፦

"ተዪው፣ ይጩህ።"