ጨዋ ልጅ

በተወለደች ማግሥት፥ እናቷ ሳመቻት፤
ከንፈሯን ላሰችና ዳግም ቀመሰቻት።
«ስማኝማ፥» አለች፥ «ልጅህ ጨው ጨው ትላለች።»
«ጨዋ ልጅ ናት፥» አልኋት፥ «እናቷን መስላለች።»
ሳቅን። ያኔ መች አውቀን።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፥ እህል ተራ ነው ቤቴ፤
ከአባቴ የወረስሁት ሚዛን ነው ሀብቴ።
የጤፉን፥ የሽምብራውን ልክ በዓይኔ ስገምት
ሩብ ኪሎ አልስትም፥ እንኳን በስሕተት።
ማታ ሰዉ ሲበተን፥ ትርንጎን አቅፌ
ብረቱ ላይ አኖራታለሁ፤ ይቆማል መርፌ፦
አምና ዐሥራ አንድ ኪሎ፤ ዘንድሮም ዐሥራ አንድ።
ትበላለች እኮ! የሁለት ሰው ማዕድ።
የት ይገባል እህሉ?

ቡዳ ነው፥ አሉን፤ ጠበል አደረስናት።
አስም ነው፥ አሉን። ነቀርሳ ነው ቢሉን
ስድስት ወር ሙሉ ኪኒን አስዋጥናት፤
ኪኒኑን ሳሏ ዋጠው።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ጣቶቿን አገላብጣ፥
እንደ ከበሮ መምቻ ያበጠ ጫፋቸውን አየች።
«ስትስሟት፥» አለች ቀስ ብላ፥ «ምን ምን ትላለች?»
እንይሽ መልስ የላት፤ አለቀሰች።
አምስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀ ማን ነበር?

ላቧን የሚመዝን መሣሪያ ፍለጋ አዲስ አበባ ደርሰን ስንመለስ፥
«የአንገረብን ግድብ ታውቃለህ?» አለችኝ።
አውቃለሁ። ደለል ሲሞላው፥ ቧንቧው ሲደርቅ፥
ጀሪካን ይዤ አድሬያለሁ ተራ ስጠብቅ።
«እንግዲህ እንደዚያ ነው። በገላዋ የጨው በር አለ፤
ከተፈጥሮ የተዘጋ፥ ሲያንኳኩት እንቢ ያለ።
ጨው ካላለፈ ውሃ አይከተለው፤
አክታዋ ሙጫ ነው፥ ሳንባዋን የሞላው፤
ሙጫው ላይ ተዋሲያን ጎጆ ይቀልሳል።
ቆሽቷም ተደፍኗል፤
የበላችው ሁሉ ሳይጠቅማት ይፈስሳል።»

«ቆሽቴ አረረ» ስል ዕድሜዬን የፈጀሁ
ቆሽት የት እንዳለ ያን ዕለት አወቅሁ።

እናቴ እንይሽን በጎን ዓይኗ ወግታ፥
«ከማን ዘር ነው፥» አለች፥ «የመጣው በሽታ?»
«ከሁለቱም። እኩል ለእኩል።
ግማሹን የያዘ አይታመምም፤
ግማሽ ከግማሽ ሲገጥም ነው ጉዱ።»
የሚዛን ሰው ነኝ። ገባኝ።
እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ፥ መዳፌን እንደ ጭልፋ ቆልምሜ
ጭኔ ላይ ደፍቼ ጀርባዋን እመታለሁ፥ ደጋግሜ፤
ዱብ፥ ዱብ፥ ዱብ፤ ደለሉ እስኪላቀቅ።
አንድ ሰሞን ጎረቤቴ ዘውዱ «ልጁን ገደላት!» ብሎ
ዱላ ይዞ መጥቶ ነበር፥ አጥር ዘሎ።
አሁን ገበያ ስውል እሱ ይመታላታል፤
«ያንተ እጅ ይከብዳል» ትለኛለች፤
ትስቃለች፤ ስትስቅ ሳል ይጥላታል።

ፀሐይ ሲበረታ ላቧ ይደርቅና
ግንባሯ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል።
ወጧ ላይ ጨው ስትነሰንስ የሰማችውን ትተርታለች፦
«አንተ ጨው፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ!»
የቀረውን አላስተማርናትም።

ትናንት ማታ ሚዛኑ ላይ ወጣች።
መርፌው ነቃ አለ። ዐሥራ አንድ ከሩብ!
ልጮህ ስል እግሯን አየሁ፤
ጫማዋን አላወለቀችም።
ሚዛን አይዋሽም ብዬ የኖርሁ ሰውዬ
እንዳለ ጻፍሁት።