እስከ ክርኑ

ክፈፉን የሠራሁ እኔ ነኝ፣ ካረጀ ጀልባ ወለል፣
ኦቲሊያ «ውሃ የሚያውቅ እንጨት፣ ሌላው ይቅርብኝ» ስትል።
ዋጋ አልተነጋገርንም። አራት ማዕዘኑን ገጥሜ፣
በጀርባዬ ተሸክሜ፣
ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጣሁ፤
ሥዕሉን ያኔ ነው ያየሁ።

በራቺቡሽ፣ በሰው ሁሉ ቤት፣ ከአልጋ ራስጌ በላይ
አንድ ሥዕል አለ፤ ማተሚያ ያበዛው፣ ልጅ ሆነን ሁሌ የምናይ፤
ድልድዩ አንድ ሳንቃ ጎድሎት ሁለት ሕፃናት ሲሻገሩ፣
ከኋላ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ወርቅ የመሰለ ጠጉሩ፣
ጣቱ እንኳ ሳይነካቸው
በፈገግታ ሲያሻግራቸው።
እኛም ከሥሩ ተኝተን፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣
ድልድይ ሁሉ እንደዚያ ነው ብለን
አደግን።

የሷ ግን ሌላ ነው።
ክንፍ የለው፤ ወይም ካለው፣ ከኦድራ የሚነሣ ጉም ነው።
ልብሱ የሥራ ካፖርት፣ ጫማው የጎማ ቦቲ ነው።
በግራው አንዲት ልጅ ይዟል፣ አጥብቆ፣ ያማል እስኪባል፤
ቀኙ ባዶ ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል፤ ይንጠባጠባል።
ከቦቲው አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ጠብታው ኩሬ ሠርቷል፤
የኩሬው ሰማይ ከላይኛው ጠርቷል።

አባ ኮንራድ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ
ብዙ ዝም አለ። ኋላም ድምፁን አለዝቦ፣ አቅልሎ፣
«እህቴ፣ ሕፃናት ያዩታል። እጅጌው ቢደርቅ ምናለ?
መልአክ ዘገየ እንዳይባል…» ብሎ ቃሉን አንጠለጠለ።

እሷ ብሩሽ ታጥብ ነበር፤ ክፍሉን ሞልቶት የተርፐንታይን ሽታ፣
ቀና ሳትል፣ ጨርቁን ጨምቃ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው በእርጋታ፣
«ሁለት ነበርን» አለች፤ «እኔ ሰባት፣ ወንድሜ ሎይዚክ አምስት፤
በረዶው ከሥራችን ከዳ፣ ከውሃው በር ፊት ለፊት።
ሁለት እጅ ነበረው። አንዱ ደረሰ።
ሌላው ውሃ ጨብጦ ተመለሰ።
ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ አባ፣ ከአልጋዬ በላይ ያለው
አንድ ጠብታ እንኳ አልነካው።
ምን ብዬ ልጥራው? ልብሱ ደረቅ ነው፤ ምን ያውቃል?
ይሄኛው ግን፣ ይሄ የረጠበው፣ ብርድ ያውቃል።»

አባ መነጽሩን አወረደ።
ስለ እጅጌው ያኔ ያበቃ ነገር ነው፤ ዳግም አልተነሣም።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን በግራ ግድግዳ ሰቀልነው።
ሚስማሩን የመታሁ እኔ ነኝ። ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሏል፤ ተውነው።
ሰው መጣ፤ አየ፤ አማተበ። አንዱ «ክንፉስ?» ብሎ ጠየቀ፤
አንዱ የቦቲውን ቁጥር ገምቶ ሳቀ።
የፋርማሲዋ ሴት ብቻ፣ የማንን ስም እንደያዘች እንጃ፣
ሻማ ለኮሰች፣ ቆመች፣ ሄደች፤ ቦርሳዋን ረስታ ከመቀመጫ።

ቅዳሴው አልቆ፣ ከመብራቱ ግማሹ ጠፍቶ ሳለ፣
ሽማግሌው ጌርሃርድ ገባ፤ ምርኩዙ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ አለ።
የድሮው የውሃ በር ጠባቂ። ኦቲሊያን መንገድ ላይ ሲያያት
አስፋልት ተሻግሮ የሚሄድ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሸሻት።
የመልአኩን ፊት እሷ በጥላ ነው የሸፈነችው፤
እጆቹን ግን፣ የቆለመመውን አውራ ጣት፣ የገመድ ጠባሳውን፣ አንዱንም አልረሳችው።

ቆቡን አወለቀ። ሊናገር ነው ስል አፉን ዘጋ፣ ከፈተ።
ልብሱ ደረቅ ነበር፤ ውጭም ዝናቡ ካባራ ሰነበተ።
የቀኝ እጅጌውን
በግራ እጁ ያዘ፤
ቀስ አድርጎ
ጨመቀው።

እኔም፣ ሳላስበው፣ ወለሉን አየሁ።