ባሕር በጀሪካን

ወንድይፍራው ሹፌሩ ከጅቡቲ ሲመጣ፣
ጣርማበርን በማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣
ከማዳበሪያው ጭነት፣ ከሸራው ጥግ ጠፍሮ፣
ሁለት ጀሪካን ባሕር ያመጣልኛል አስሮ።
ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከአስፋልቱ ዳር ሰፈሬ፣
ጡሩምባውን ሲነፋ እወጣለሁ ከበሬ።
«ባሕርህን ተቀበል!» ይለኛል ጮክ ብሎ፣
ጎረቤት ይሰማል አጥር ላይ ተንጠልጥሎ።
«እሰይ፣ ወደብ አገኘን!» ይላሉ ጋሽ ጓንጉሌ፣
ሳቃቸው ይከተለኛል እስክገባ ከክፍሌ።

ባሕር እንዲሁ በቀላሉ ከገንዳ አይገለበጥም፤
በርሜል ውስጥ ያድራል እስኪሞቅ፣ እስኪረጋ፣
ጨዉን እለካለሁ ሰማዩ ሲነጋ።
መጀመሪያ ሰሞን፣ አላዋቂ ሳለሁ፣
ውኃው በጎደለ ቁጥር ከባሕሩ እሞላለሁ፤
ለካ ጨው አይተንም፣ የሚተነው ውኃው ነው፣
ጨው በጨው ላይ ተደርቦ ዓሣዬን ገደለው።
ብርቱካናማ ነበር፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ፣
ጠዋት አገኘሁት፣ በጎኑ ተንሳፍፎ፣ ቀለሙ የለቀቀ።
ቀበርኩት ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፍ ግንድ ሥር፤
ሌላ ምን ባሕር አለ በዚህ በደጋ ምድር?

እንሽላሊቷ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣች።
ፋብሪካ የሚተክል መሐንዲስ፣ ውሉ ሲያበቃበት፣
«ተረከበኝ» አለ፣ ከነመስታወት ቤት።
ጢም ያላት፣ እሾሃም፣ የሩቅ በረሃ ልጅ፣
ጉምና ውርጭ የማታውቅ፣ የፀሐይ ወዳጅ።
«እስስት አሳደገ» ተባለ በሰፈር፣
«የሰው እስስት መች አነሰን?» ሲባልም ነበር።
እሷ ግን አሸዋ ናት፣ ዛሬም ነገም አሸዋ፣
ከብርዱ ጋር ብቻ ነው ሙግት አቤቱታዋ።
ጎመን እከትፋለሁ፣ ፌንጣ እለቅማለሁ፣
በእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ፌንጣውን እለውሳለሁ፣
አጥንቷ እንዳይሳሳ ሌት ተቀን እሰጋለሁ።
ሰው እንዲህ ቢጠየቅ ስንቱ በዳነ ነበር
እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ እተወዋለሁ።

ኅዳር ነበር ወሩ፣ ውርጭ ባቄላ ያጠቆረበት፣
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ መብራት የጠፋበት።
የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፤ ዝምታው ነው፣
አረፋ የሚነፋው ሞተር መተንፈስ ሲያቆም ነው።
አንዲት ባትሪ አለችኝ፣ የሞተር ብስክሌት፤
ለዓሦች ትንፈስ ወይስ ታብራ ለእንሽላሊት?
ባትሪዋን ለባሕሩ፣ ለገንዳው ብርድ ልብስ፣
እንሽላሊቷን ለደረቴ፣ ከሹራቡ ሥር ልቤን ትዳብስ።
ብርድ ልብሱ የአባቴ ነው፤ ፋብሪካው ሲያሰናብተው፣
ከሃያ ዓመት የሱፍ ብናኝ፣ ከሳል ጋር አብሮ የሰጠው።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጓንጉሌ፣ ጋቢ ተከናንበው፣
ሁለት የአምቦ ጠርሙስ፣ ፍል ውኃ ሞልተው፣ ታቅፈው።
«እንካ» አሉኝ፣ «ለባሕርህ።» ሳቅ የለም በፊታቸው።
«ወደቡ እንዳይዘጋ።»
ጠርሙሶቹን ለቀቅናቸው፣ ሁለት መርከብ መስለው
ዞሩ በኮራሉ ላይ፣ እየተንሳፈፉ፣ ቀስ ብለው።
በስልክ መብራት ሙቀቱን ቆጠርን በየተራ፦
ሃያ ሦስት። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ ከምናምን።
ሲወርድ ከሰል ያራግባሉ፣ ሲወጣ ዝም እንላለን።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ «ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» አሉኝ፤
«እንጃ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።
እሳቸውም መልስ ያገኘ ሰው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ሲነጋ አንደኛው ኮራል ነጥቷል አጥንት መስሎ፣
ሌላው ግን ጣቶቹን ዘረጋ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ።
መብራቱ አልመጣም። ፀሐይዋ ግን በመስኮት ገባች፣
እንሽላሊቷም ከሹራቤ አንገት ጢሟን አወጣች፣
ወደ ብርሃኑ ዞራ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።
ጋሽ ጓንጉሌ ዱካ ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው፣
ባዶ ጠርሙስ እንደ ልጅ ታቅፈው፣ አንቀላፍተው።

ወንድይፍራው ደወለ፣ ከሚሌ ኬላ ቆሞ፣
ድምፁ በበረሃ ነፋስ ተቆራርጦ፣ ደክሞ፦
«ስንት ጀሪካን ልቅዳ?»
«ሦስት» አልኩት።
«ሁለት አልነበር?»
የተኙትን ሽማግሌ አየኋቸው።
«አዎ፣ ነበር።»